በአቶ ዳና የሕይወት ታሪክ ላይ የተጨመረችው መስመር

ወሬው የደረሰኝ በልጄ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለአንድ ሰው ሳሙና ስሰጥ ነው። እዚህ ደቡብ አፍሪካ የእኛ ሰዎች ሱቅ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሻጩና ዕቃው ከውስጥ፣ ገዢው ከውጭ፣ መሐል ላይ የብረት ፍርግርግ። ሳሙናውን በቀዳዳው አሳልፌ ስልኬን ሳይ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት ከሶዶ የድምፅ መልእክት ልካለች። ሰው ባለበት ድምፅ አልከፍትም፤ የድሮ ልማዴ ነው። ሰውዬው እስኪሄድ ጠብቄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። «አክስቴ ሳሮ ነሽ?» ትላለች፤ በወላይትኛ ሰላም ነሽ ማለት ነው። «እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የድሮ አለቃችሁ ዩቲዩብ ላይ ቃለ መጠይቅ ሰጡ። ያኔ ስለተጋለጠው የደህንነት ሰው ሲጠየቁ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ምስጢሩን ያወጣችው አንዲት ታይፒስት ናት አሉ። ስም አልጠሩም። ግን እዚህ ማን እንደሆነች የጠፋው ሰው የለም። የእትዬ አማረች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ ነገሩ እስኪጣራ ከአገልግሎት እረፊ ብለዋታል። አንቺ አብረሻት ትሠሪ አልነበር?» መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሦስተኛውን የሰማሁት ትዕግሥት የመጨረሻዋን ጥያቄ በምን ድምፅ እንደጠየቀች ለመለየት ነው። እንዲያው ለወሬ ነው ወይስ የደረሰችበት ነገር አለ?

አብሬያት እሠራ ነበር። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት ቆጥሬ ልናገር አልችልም፤ ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት፣ ሶዶ ባጃጅ የሚባል ነገር ያላየችበት፣ ከመናኸሪያ እስከ አራዳ በፈረስ ጋሪ የሚኬድበት ጊዜ ነው። አራዳ ላይ ሁለት ካሴት ቤቶች ፊት ለፊት ነበሩ፤ አንዱ ዘፈን፣ ሌላው የመዘምራን ካሴት ይሸጣል። ሁለቱም ድምፃቸውን ለቀው ስለሚውሉ መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጆሮው ዓለምን፣ በሌላው ጆሮው መንግሥተ ሰማያትን ይሰማ ነበር። እኔ ሁልጊዜ በመዘምራኑ በኩል አልፋለሁ፤ እግሬ ግን የሚፈጥነውና የሚዘገየው በሌላኛው ምት እንደነበር ጌታ ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ የመሥሪያ ቤት ሴት ሁሉ ገበያ ትወርዳለች። አማረች አንድ ጊዜ ቡናማ ሽንሽን ጉርድ በሰባት ብር ገዝታ ሰኞ ለብሳው ስትመጣ ቢሮው በሙሉ ከአዲስ አበባ የመጣ መስሎት ነበር። እሷም አላስተባበለችም። እጅግ ንጹሕ ሰው ናት፤ ካርቦን ወረቀት እጅጌዋን እንዳይነካው ክንዷ ላይ ላስቲክ አድርጋ ነበር የምትጽፈው። እኔ መዝገብ ቤት፣ እሷ ቀጥሎ ባለው የጽሕፈት ክፍል፤ በመሐላችን ፋይል የምንቀባበልባት ትንሽ መስኮት ነበረች። በዚያች መስኮት ፋይል ብቻ አልነበረም የሚያልፈው፤ ቆሎም፣ ሐሜትም፣ አንዳንድ ጊዜም የጸሎት ርዕስ ያልፍባት ነበር።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የግቢዬን አንዲት ክፍል አከራይ ነበር። ያዕቆብ የመጣው ያኔ ነው። ቡናማ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ሞተር ብስክሌት ያለው፣ በሰላሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው። የቤሌው አቶ ዳና ሦስተኛ ልጅ ነኝ፣ የውሃ ፕሮጀክት ሠራተኛ ነኝ አለኝ። ሰላምተኛ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይቀርም፣ እናቱ በየወሩ ዳጣ የሚባለውን የበርበሬ ማባያ በጠርሙስ ይልኩለታል፣ ለእኔም ያካፍለኛል። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። የሰው ነገር ጠይቆ ይሰማል እንጂ የራሱን አያወራም። ሌላም አለ፤ በዚያ የሶዶ ክረምት፣ የዳሞታ ተራራ ሳምንት ሙሉ ጉም ለብሶ በሚውልበት ጊዜ፣ የውሃ ሠራተኛ ሆኖ ጫማው ጭቃ አያውቅም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት።

«ወንድም ያዕቆብ፣ ይህ ውሃችሁ የሚቆፈረው የት ነው? ጫማህ እኮ ሁልጊዜ ደረቅ ነው።»

ሳቀ። «እኛ የምንቆፍረው ወረቀት ላይ ነው፣ እትዬ።»

እኔም ሳቅሁ፤ በልቤ ግን የሆነ ቦታ የደበቀው ትዳር አለው ብዬ ደመደምኩ። የኔ ጥርጣሬ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ አቶ ዳና አረፉ። በእኛ ዘንድ ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሳይነበብ አፈር አይመለስም። መቼ ተወለዱ፣ መቼ ጌታን ተቀበሉ፣ ስንት ልጅ ወለዱ፤ ከዚያ ልጆቹ አንድ በአንድ ከነሥራቸው ይጠራሉ። ሕዝቡ ጆሮውን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ልጅ ሥራው ሳይነገር ከታለፈ ሟቹ የተዋረዱ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም ከፍ ከፍ ይደረጋል፤ ዘበኛው የጥበቃ ክፍል ባልደረባ፣ ሱቅ በደረቴው የንግዱ ማኅበረሰብ አባል ይሆናል። ማንም አይከፋም፤ የሟች ስጦታ ነው። ረቂቁን ከቤሌ ይዞ የመጣው የአቶ ዳና የወንድም ልጅ ነበር፤ ባለ ካሬ ኮት የለበሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ኃላፊያችን የዚያው አካባቢ ሰው ስለሆኑና ለቤተሰቡም ስለሚቀርቡ «እዚሁ ታይፕ ይደረግ» ብለው አዝዘው ነበር። ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የአማረች በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እኔ መዝገብ ላይ አቀርቅሬ የኃላፊያችንን ድምፅ በመስኮቷ በኩል ሰማሁ። «ምንድን ነው ይሄ? ‹ሦስተኛው ልጃቸው በውሃ ፕሮጀክት ተቀጥሮ ይሠራል›? የአቶ ዳና ልጅ በሕዝብ ፊት ውሃ ቀጂ ተብሎ ነው የሚጠራው?»

«የመጣልኝ እንዲህ ተብሎ ነው» አለች አማረች።

«እኔ የምልሽን ጻፊ። የአባት ክብር ነው።»

በዚህ መሐል የመዝገብ ቤቱ ስልክ ጮኸ። ተነስቼ አነሳሁት። ከቦዲቲ ነበር፤ ስለ አንድ የጠፋ ደብዳቤ። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ የታይፑ ድምፅ ቆሟል። አማረች «ይህስ አይከለከልም?» ስትል ሰማሁ። ኃላፊያችን ደግሞ «ቀብር ላይ ማን ሊጠይቅ?» አሉ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰምቼ መካከሉ አመለጠኝ።

በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ የአበባ ጉንጉን ይዘን ቤሌ ሄድን። በዚያ መንገድ ላይ የበላነው አቧራ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቤሌ ስንደርስ ሴቶቹ ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅለው ለእንግዳ ያቀርባሉ፣ መዘምራኑ በአኮርዲዮን ይዘምራሉ፤ የተከበረ ሰው ቀብር ነበር። ወንጌላዊው ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ልጅ መምህር፣ ሁለተኛዋ የጤና ረዳት። ቀጥሎ «ሦስተኛው ልጃቸው ወንድም ያዕቆብ በአገር ደህንነት መሥሪያ ቤት በከፍተኛ መኮንንነት አገሩንና ሕዝቡን በታማኝነት በማገልገል ላይ ይገኛል» አለ። ወንጌላዊው ራሱ ያነበበው አልገባውም፤ አራተኛዋን ልጅ ቀጠለ። ሕዝቡ ግን አራተኛዋን አልሰማም። ከኋላዬ አንድ ሰው ጎኑ ያለውን በወላይትኛ «ያ ሞተር ያለው ልጅ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ያዕቆብ ከሬሳው ሳጥን ራስጌ ቆሞ ነበር። አላቀረቀረም። አንባቢውንም አላየም። ቀስ ብሎ ዞረና ኃላፊያችንን አየ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚጸልይ ሰው ቆመዋል። ያን አስተያየቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አላምንም።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ያዕቆብ ጠፋ። ክፍሉን ስከፍት አልጋው ተነጥፏል፣ ወለሉ ተጠርጓል። ወደ ሌላ አገር ላኩት የሚሉ ነበሩ፤ አሰሩት የሚሉም ነበሩ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ በከተማው የሆነውን የነበረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሶዶ በሙሉ ያዕቆብ ፊት ምን እንደተናገረች ለማስታወስ ተቀመጠች። መምህራኑ ሻይ ቤት ውስጥ የቀለዱትን ቀልድ እየደገሙ አስቂኝ ነው ወይስ የሚያሳስር ብለው ይመዝኑ ጀመር። ከውሃ ፕሮጀክት እውነተኛ ሠራተኞች ጋር የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ቤሌ ያሉት እናቱ ዘንድ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነጠፈ፤ ባላቸውን በቀበሩ ሳምንት ብቻቸውን ቀሩ። እኔንም አከራይ ናት፣ ሳታውቅ አትቀርም አሉኝ። ከስልጤ መጥተው አራዳ ላይ የከተሙት የጅምላ ነጋዴ ሐጂ ዘንድ ስኳር ልገዛ ብሄድ ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ፣ ያ ተከራይሽ እኔ ዘንድ ሲቀመጥ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ።»

«ስኳር ሊወደድ ሲል የት እንደማስቀምጥ እንኳ አሳይቼዋለሁ። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ክሴን በገዛ አፌ ሳስጽፍ ነው የከረምኩት።» ስኳሩን እየመዘኑ «ግን ልጁ ምን አጠፋ? ያወጣው ማነው?» አሉ።

ያወጣው ማነው የሚለው ጥያቄ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ከላይ ያሉት ጥፋቱ የዞኑ ነው አሉ። ዞኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው አለ። አንድ ሐሙስ ግምገማ ተባለና ሃያ የምንሆን ሠራተኞች አዳራሽ ገባን፤ ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ኃላፊያችን ቆመው «እኔ ወረቀቱን አላየሁትም» አሉ። «ከጽሕፈት ክፍል በቀጥታ ነው የወጣው። እኔ ሳልፈርምበት ወረቀት ከዚህ ቤት ሲወጣ የመጀመሪያው አይደለም።»

አማረች ተነሳች። ያቺኑ ሽንሽን ጉርድ ለብሳለች። «እርስዎ አጠገቤ ቆመው አይደለም እንዴ ያስጻፉኝ?»

«ምስክር አለሽ?»

አማረች ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ፋይል በመስኮት የሚያልፍበትን ያህል ነው። ከሁለቱ አንደኛው አስተያየቷን ተከትሎ «መዝገብ ቤት የምትሠሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። «ያን ቀን የሰማሽው ነገር አለ?»

«ስልክ እያነሳሁ ነበር» አልኩ።

እውነት ነው፤ ስልክ እያነሳሁ ነበር። በሐሰት እንዳንመሰክር ታዘናል፤ መካከሉን ያልሰማሁትን ነገር ሰምቻለሁ ብል ኃጢአት ይሆንብኛል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለራሴ ስነግረው ደግሞ ጸሎት አስመሰልኩት። የሰማሁትን ብቻ መናገር እችል እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር። አማረች ከሥራ ተባረረች፣ ከወር በላይም ታሰረች። ወጥታ ከጊዜ በኋላ አሮጌ ታይፕ ገዝታ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግታ ራፖር ጸሐፊ ሆነች። የሌላውን ሰው አቤቱታ ስትጽፍ ኖረች፤ የራሷን ግን የሚቀበላት አልነበረም። እኔ በዚያ ሳልፍ ማዶውን ይዤ እሄድ ነበር። እሷ ቀድማ ከማዶ «ሳሮ ነሽ?» ትለኛለች። ነገሩ ከሆነ ሦስት ወር ሳይሞላ እኔ አዋሳ ለስልጠና ተመረጥኩ። ከእኔ የሚቀድሙ አራት ሰዎች ነበሩ። የተመረጥኩት በሥራዬ ነው ወይስ በዝምታዬ? ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሲሰጡኝ «አንቺ ጥንቁቅ ሴት ነሽ» አሉኝ። ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ማን ሲናገራት ብሰማ ደስ አይለኝም።

እዚህ፣ ሩቅ አገር፣ ሰው ሲመጣ በብረቱ በኩል ፊቱን እያየሁ፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ያን ነገር እያገላበጥኩ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። የወንድም ልጅዬው መንገድ ላይ ጨምሮበት ይሆን? አማረች ራሷ እየፈራችም ቢሆን የያዕቆብን ክብር ወድዳ ይሆን? እሷንም እንኳ ጠርጥሬያታለሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ግን የያዕቆብን ሥራ ከመሥሪያ ቤታችን ማን ያውቅ ነበር? እኔ አከራዩ ሆኜ አላውቅም፤ አማረች ከዚያች ቀን በፊት የት ታውቃለች? የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ለቤተሰቡ የሚቀርቡት ኃላፊያችን። ያ ሰው ያን ያደረጉት በእውነት ለአባት ክብር ብለው ነው ወይስ ያዕቆብ ስለ እሳቸው ወደ ላይ የሚጽፈው ነገር ስላስፈራቸው? የኋለኛውን ነው አልልም። ማስረጃ የለኝም። ያዕቆብ በሬሳው ራስጌ ቆሞ ያየበትን ዓይን ግን ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ የደነገጠ ሰው ዓይን አልነበረም።

የትዕግሥትን መልእክት በሰማሁ በሁለተኛው ቀን ለአማረች ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው ለየችው። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም ተጠያየቅን። ወደ ነገሩ ቀድማ የገባችው እሷ ናት።

«ያን ቀን ሰምተሽ ነበር፣ አይደል?»

«መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰምቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። መስኮቷ ክፍት ነበረች።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠይቄሻለሁ እኮ። አዳራሽ ውስጥ ዞር ብዬ ሳይሽ ምን የጠየቅሁሽ መሰለሽ?»

አለቀስኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ይቅርታውን በኋላ እንነጋገርበታለን፣ እህቴ። አሁን ለሽማግሌዎቹ ጻፊልኝ። እኔ መባረሩንም መታሰሩንም ችዬዋለሁ። የጌታን ራት ጠረጴዛ ማልበስ ግን ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ ባለፈው እሑድ ሌላ ሰው ሲያለብሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። ይህን መቻል አቃተኝ።»

ጻፍኩ። የሰማሁትን፣ ያልሰማሁትን፣ አዳራሽ ውስጥ የመለስኩትንም ሳላስቀር ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት መለሱልኝ፤ ደብዳቤሽ ደርሶናል፣ ነገር ግን ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው፣ እሳቸው ይክዳሉ፣ አንቺ አንድ ነሽ አሉኝ። ሥርዓቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ትክክል ናቸው። በሚመጣው ወር መጨረሻ ተቀምጠው ይወስናሉ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከቤሌ ረቂቁን ይዘህ የመጣኸው፣ ባለ ካሬ ኮቱ፣ ስምህን አልጠየቅኩህም እንጂ በሩ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጥከው፤ በሕይወት ካለህ ከእኔ የበለጠ ሰምተሃል። በዚያ ሐሙስ አዳራሽ የነበራችሁት፣ አማረች «ቆመው አይደለም እንዴ ያስጻፉኝ» ስትል እሳቸው ወረቀቱን አላየሁትም ከማለት አልፈው አላስጻፍኳትም ሳይሉ ምስክር ብቻ መጠየቃቸውን የሰማችሁ፤ ቀብሩ ላይ ቆማችሁ ያዕቆብ ማንን እንዳየ ያያችሁ። ጡረታ ወጥታችሁ ይሆናል፣ ሶዶ ወይም ዱቦ ወይም እንደ እኔ ርቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እሳቸውን ክሰሱልኝ አልልም። የአማረች ሽማግሌዎች ዘንድ ሂዱና በጆሯችሁ የሰማችሁትን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ግማሽም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሙሉው ካልሆነ ብዬ ነው እሷን ብቻዋን ያቆምኳት።